ዝርዝር ከዝርዝር ሲጣመር፦ በተራ ወይስ በስም?

አራት ተማሪዎች አሉ እንበል፤ ሀሰን፣ ሰይድ፣ ትዕግሥት እና አበበ። የስማቸው ዝርዝር በአማርኛ ፊደል ቅደም ተከተል ተደርድሯል፤ ሀ ከሰ፣ ሰ ከተ፣ ተ ከአ ይቀድማል። ውጤታቸውን የመዘገበው ሌላ ሰው ግን ስማቸውን በላቲን ፊደል ጽፎ ስለነበር የእሱ ተራ ከአበበ ይጀምርና ወደ ሀሰን፣ ወደ ሰይድ፣ በመጨረሻም ወደ ትዕግሥት ይሄዳል። ፋይሉን ሲልክ የስሙን ዓምድ አስቀርቶ ውጤቱን ብቻ ላከ እንበል። ተቀባዩ በእጁ አራት ስምና አራት ውጤት አለው። ቁጥራቸው እኩል ነው፤ የጎደለ የለም፤ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ልክክ ይላሉ። ሀሰን የአበበን ውጤት ይወስዳል፣ ሰይድ የሀሰንን፣ ትዕግሥት የሰይድን፣ አበበ የትዕግሥትን። ከአራቱ አንዱም የራሱን አላገኘም። ኮምፒውተሩም ትንፍሽ አላለም።

ይህ ዳሰሳ የሚያጠነጥነው በዚህች ትንሽ በምትመስል ሥራ ላይ ነው፤ ለየብቻ የቆሙ ዝርዝሮችን አምጥቶ ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማያያዝ። ፕሮግራም መጻፍ የጀመረ ሰው ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይገጥመዋል። በወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በመደበኛ ትምህርት የሚማረውም፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ደሴ ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ የሚከታተለውም ያገኘዋል። ትምህርቱ ብዙውን ጊዜ በአንድ መስመር ያልፋል፤ «ሁለት ዝርዝር ስጠው፣ ጥንዶች ይሰጥሃል» ይባልና ወደ ቀጣዩ ምዕራፍ ይኬዳል። የተዘለለው ጥያቄ ግን ከመስመሩ ይሰፋል። ዝርዝሮቹ እኩል ባይሆኑስ? እኩል ሆነው ተራቸው ቢለያይስ? የፕሮግራም ቋንቋዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡት መልስ አንድ ዓይነት አይደለም።

የጃኬት ዚፕ

ይህን ሥራ ፓይተን፣ ሀስኬል፣ ረስት፣ ኮትሊን፣ ስዊፍትና ሌሎችም ብዙ ቋንቋዎች «ዚፕ» ይሉታል። ቃሉን አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ ያውቀዋል። ኮምፒውተር ላይ ዚፕ ፋይል የሚባል አለ፤ እሱ ፋይሎችን አጭቆ ማሳነሻ ነው፤ ከስሙ በቀር ከእኛ ጉዳይ ጋር ዝምድና የለውም። የእኛው ዚፕ የጃኬቱ ነው። ሁለት ረድፍ ጥርሶች ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ መዝጊያው ሲሳብ የግራው የመጀመሪያ ጥርስ ከቀኙ የመጀመሪያ ጋር፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው ጋር ይያያዛል። ክፋቱንም ደሴ ፒያሳ ያለ ልብስ ሰፊ ሁሉ ይነግራችኋል፤ ከታች አንዲት ጥርስ ዘሎ የጀመረ ዚፕ እስከ አንገት ድረስ ይዘጋል፣ ጃኬቱ ግን ተንጋዶ ይቀራል።

በፕሮግራም ውስጥ ሁለት ዝርዝሮች እንውሰድ። አንዱ ደሴ፣ ኮምቦልቻ ይላል። ሌላው 2500፣ 1850 ይላል፤ ከባሕር ወለል በላይ ያላቸው ከፍታ በሜትር፣ በግርድፉ። ሲጣመሩ (ደሴ፣ 2500) እና (ኮምቦልቻ፣ 1850) የሚሉ ሁለት ቱፕሎች ይወጣሉ። የሀረጎን ጠመዝማዛ ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ሹራቡን ያወለቀ መንገደኛ ቁጥሮቹ ቢገለባበጡ ወዲያው ያውቃል። ኮምፒውተሩ ግን አያውቅም፤ ለእሱ ሁለቱም ቁጥር ናቸው።

ቱፕል መጠኑ የማይለወጥ፣ እያንዳንዱ ቦታው የራሱ ትርጉም ያለው ቋጠሮ ነው። ዝርዝር ውስጥ አሥር ከተሞች ቢኖሩ ሁሉም ከተማ ናቸው፤ አሥራ አንደኛ ቢጨመር ያው የከተሞች ዝርዝር ነው። ቱፕል ውስጥ ግን አንደኛው ከተማ ነው፣ ሁለተኛው ከፍታ ነው፤ ቦታቸው ቢቀያየር ትርጉማቸው ይጠፋል። (ባቲ፣ ሰኞ) እና (ሰንበቴ፣ እሑድ) ብለን የገበያ ቀን ብናስር፣ ገበያተኛው የሚጓዘው ቋጠሮውን አምኖ ነው።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዚፕን ከሌላ ሥራ ጋር ያምታታዋል። አንዱን ዝርዝር በሌላው ውስጥ አስገብቶ በድርብ ዙር ቢያስኬድ ሁሉንም ከሁሉም ጋር ያጋባል፤ ሦስት ስምና ሦስት ውጤት ዘጠኝ ጥንድ ይሆናሉ። ይህ ብዜት ነው፤ የፊደል ገበታ ሥራ። 33 ፊደላት ከ7 ድምፆች ጋር ተባዝተው 231 ይሰጣሉ። ዚፕ አያባዛም፤ ሦስት ከሦስት ጋር ሦስት ብቻ ይወጣል።

ኮዱን በአማርኛ መጻፍ ለሚወድ አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። ፓይተን ከ3ኛው ትውልዱ ጀምሮ የግዕዝ ፊደልን ለስም ይቀበላል። ዚፕን «አጣምር» የሚል ሌላ ስም አውጥቶለት አጣምር(ከተሞች, ከፍታዎች) ብሎ ቢጽፍ ይሠራል። በቅንፉ ውስጥ ያለችው ነጠላ ሰረዝ ግን የላቲኗ ኮማ መሆን አለባት። የእኛዋን ፣ ቢያስገባ ፓይተን አላውቃትም ብሎ ይቆማል፤ ስህተቱን ለማግኘት ዓይን የሚፈጅ ጀማሪ ብዙ ነው።

ሥሩ ከዚፕ ያረጃል

ሐሳቡ ከስሙ ይቀድማል። ጆን ማካርቲ ለፈጠረው የሊስፕ ቋንቋ እ.ኤ.አ. በ1962 በወጣው የሊስፕ 1.5 መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ «ፔርሊስ» የምትባል ተግባር (ፈንክሽን) አለች። ሥራዋ የሁለት ዝርዝሮችን አባላት ተራ በተራ አጣምራ የጥንዶች ዝርዝር መስጠት ነው። የተፈለገችውም ለትልቅ ጉዳይ ነበር። አንድ ተግባር ሲጠራ የመቀበያ ስሞቹን ከተላኩለት ዋጋዎች ጋር ማገናኘት ያስፈልጋል፤ አንደኛው ስም ከአንደኛው ዋጋ፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው። ማንኛውም የተግባር ጥሪ በውስጡ ዚፕ አለበት ማለት ነው።

እዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር አለ። ፓይተን ውስጥ ሦስት ዋጋ የሚጠብቅን ተግባር በሁለት ዋጋ ብትጠሩት ወዲያው ስህተት ይላል፤ አንድ ስም ባዶ እጁን እንዲቀር አይፈቅድም። ያው ፓይተን ግን ሦስት ስምና ሁለት ውጤት ለዚፕ ብትሰጡት ሦስተኛውን ስም ዝም ብሎ ይጥለዋል። ተመሳሳይ ሥራ በአንዱ በር በጥበቃ፣ በሌላው በር ያለ ጥበቃ ይገባል።

ዚፕ የሚለው ስም የገነነው በተግባራዊ (ፈንክሽናል) ቋንቋዎች መንደር፣ በሚራንዳና እ.ኤ.አ. በ1990 በወጣው ሀስኬል በኩል ነው። ሀስኬል የቱፕልን መጠን እንደ ዓይነቱ አካል ስለሚቆጥር የሁለት ቋጠሮና የሦስት ቋጠሮ ለእሱ የተለያዩ ፍጡራን ናቸው። ስለዚህ ለሁለት ዝርዝር ዚፕ፣ ለሦስት ዚፕ 3፣ እያለ እስከ ዚፕ 7 ለየብቻ አዘጋጅቷል። ፓይተን ዓይነትን አስቀድሞ ስለማይጠይቅ የፈለጉትን ያህል ዝርዝር በአንድ ዚፕ ይቀበላል።

ፓይተን ዚፕን ያስገባው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2000 በወጣው 2.0 ነው፤ ሐሳቡን በጽሑፍ ያቀረበው ባሪ ዋርሶ ነበር። ያኔ ጥንዶቹን ሁሉ በአንድ ጊዜ ሠርቶ ሙሉ ዝርዝር ያስረክብ ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2008 በወጣው 3.0 ጠባዩ ተለወጠ፤ ጥንዶቹን አስቀድሞ አያዘጋጅም፣ ሲጠየቅ ብቻ አንድ አንድ እያለ ይሰጣል። ለማህደረ ትውስታ ቁጠባ ትልቅ ነገር ነው። ለጀማሪ ግን ወጥመድ ነው፤ አንዴ ቆጥሮት የጨረሰውን ዚፕ ሁለተኛ ሊያልፍበት ሲሞክር ባዶ ሆኖ ያገኘዋል።

እኩል ባይሆኑስ? አራት መልሶች

የወሮቻችን ዝርዝር ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13 ነው። የፈረንጆቹ 12 ነው። ሁለቱን በዚፕ ለማጣመር ብንሞክር ምን ይሆናል? ቋንቋዎቹ እዚህ ላይ በአራት ጎራ ይከፈላሉ።

የመጀመሪያው ጎራ ቆራጮች ናቸው። አጭሩ ዝርዝር ሲያልቅ ያቆማሉ፣ የረጅሙን ትርፍ ይጥላሉ፣ ምንም አይናገሩም። ሀስኬል፣ ረስት፣ ኮትሊን፣ ስዊፍት፣ ሲ ሻርፕ፣ እንዲሁም ፓይተን ካልተነገረው በቀር እዚህ ናቸው። በእነዚህ ቋንቋዎች ጳጉሜን ከዓመቱ ትወድቃለች። መቁረጥ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። ከሁለቱ አንዱ ማለቂያ የሌለው ሲሆን፣ ለምሳሌ 1፣ 2፣ 3 እያለ ለዘለዓለም የሚቆጥር ምንጭን ከስም ዝርዝር ጋር አጣምሮ ተራ ቁጥር መስጠት ሲፈለግ፣ ካልተቆረጠ ሥራው አያልቅም። ሁለቱም የታወቀ መጠን ሲኖራቸው ግን ትርፉ አብዛኛውን ጊዜ ትርፍ ሳይሆን የጠፋ ሰው ነው።

ሁለተኛው ጎራ ሞዪዎች ናቸው። አጭሩ ሲያልቅ ባዶ ምልክት እያስገቡ እስከ ረጅሙ ይሄዳሉ። ፒ ኤች ፒ ዝርዝሮችን በሚያጣምርበት መንገዱ እንዲህ ያደርጋል። ሩቢ ግማሽ መንገድ ይሄዳል፤ ልኩ ሥራውን የጀመረው ዝርዝር ነው፣ ተጨማሪው ቢያጥር ባዶ ይሞላል፣ ቢረዝም ይቆርጣል። ፓይተንም «ዚፕ ሎንገስት» የሚባል ወንድም አለው፤ ባዶው ቦታ በምን ይሞላ የሚለውንም ተጠቃሚው ይመርጣል። የሞዪዎች ጥቅማቸው ማንንም አለመጣላቸው ነው። አደጋቸው የሚመጣው ባዶው በዜሮ ሲሞላ ነው፤ ፈተና ያልተቀመጠና ዜሮ ያገኘ ተማሪ አንድ ይሆናሉ።

ሦስተኛው ጎራ አዟሪዎች ናቸው። በስታቲስቲክስ ባለሙያዎች ዘንድ የሚወደደው አር የተባለ ቋንቋ አጭሩ ዝርዝር ሲያልቅ ከመጀመሪያው ደግሞ ይጀምራል። ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ዘመን አቆጣጠራችን ወንጌላውያንን የሚያዞረው እንዲሁ ነው። 2017 ማቴዎስ፣ 2018 ማርቆስ፣ 2019 ሉቃስ፣ 2020 ዮሐንስ፤ ከዚያ እንደገና ማቴዎስ። አራት ስሞች ማለቂያ ከሌላቸው ዓመታት ጋር ይጣመራሉ። ነገሩ በተፈጥሮው ዙር ሲሆን ይህ ያምራል። ዙር ሳይሆን ሲቀር ግን ያስፈራል። አር የቁጥር ዝርዝሮችን ሲደምር ረጅሙ የአጭሩ ብዜት ካልሆነ ያስጠነቅቃል፤ ብዜት ከሆነ ግን ዝም ይላል። የስምንት ሠራተኞች ደመወዝ ላይ በስህተት አራት ጭማሪ ብቻ ቢቀርብለት አራቱን ሁለት ጊዜ አዳርሶ ይጨርሳል።

አራተኛው ጎራ እምቢ ባዮች ናቸው። ኤርላንግ፣ ኦካምልና የኤፍ ሻርፕ ዝርዝሮች መጠናቸው ያልገጠመ ጥንድ ሲሰጣቸው ስህተት ነው ብለው ይቆማሉ። ስታንዳርድ ኤም ኤል ሁለቱን መንገዶች በሁለት ስም አስቀምጦ ፕሮግራመሩ እያወቀ እንዲመርጥ ያደርጋል። ፓይተን ከ20 ዓመት በላይ ቆራጭ ሆኖ ከኖረ በኋላ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 በወጣው 3.10 የእምቢታን አማራጭ ጨመረ። ሐሳቡን ያቀረበው ብራንት ቡቸር ነው፤ ቁልፉም «ስትሪክት» ይባላል። ስትሪክት ሲበራ መጠናቸው የማይገጥም ዝርዝሮች ሥራውን ያስቆሙታል። ካልበራ ግን አሮጌው ጠባይ እንዳለ ነው፤ ቀድመው የተጻፉ ፕሮግራሞች እንዳይሰበሩ ሲባል።

ወደ ወሮቹ እንመለስ። እምቢ ባዩ ቋንቋ 13 ከ12 አይገጥምም ብሎ ሲቆም የሚነግረን ስለ ቁጥር ብቻ ነው። ሊያስቆመን የሚገባው ግን ከዚያ የጠለቀ ጥያቄ ነው። መስከረም መቼ ሴፕቴምበር ሆኖ ያውቃል? መስከረም 1 በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይውላል፤ ወሩ በሁለት የፈረንጅ ወሮች ላይ ተዘርግቶ ይኖራል። ጳጉሜንን ብናስገባም ብናስወጣም አንድ ለአንድ ማጣመሩ ከመነሻው ስህተት ነበር። ይህን ለማሰብ ዕድል የሚሰጠን የቆመ ፕሮግራም እንጂ ቆርጦ ያለፈ ፕሮግራም አይደለም።

ከተራው የወጣው መንገደኛ

ስለ መቁረጥ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ጉዳይ አለ። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚሄዱ ሰዎች ተሰልፈዋል፤ ሚኒባሱም ቆሟል። ረዳቱ ሁለት ዓይነት ጠባይ ሊኖረው ይችላል። አንዱ ረዳት መጀመሪያ ከሰልፉ ሰው ይጠራል፣ ከዚያ ባዶ ወንበር ይፈልጋል። ሌላው መጀመሪያ ባዶ ወንበር ያያል፣ ከዚያ ሰው ይጠራል። ወንበር ሲያልቅ ልዩነቱ ይታያል። የመጀመሪያው ረዳት የመጨረሻውን ሰው ከሰልፉ አውጥቶታል፤ ወንበር ግን የለም። ሰውየው ሚኒባሱ ውስጥ አልገባ፣ ሰልፉ ውስጥም የለ። ሁለተኛው ረዳት ወንበር እንደሌለ አስቀድሞ ስላየ ማንንም አልጠራም፤ ሰልፉ እንዳለ ለቀጣዩ መኪና ይቆያል።

የፓይተን ዚፕ ልክ እንደ መጀመሪያው ረዳት ነው። ከግራ ወደ ቀኝ ይጠይቃል፤ መጀመሪያ ከተሰጠው ምንጭ አንድ ያወጣል፣ ከዚያ ከሁለተኛው። ሁለተኛው ባዶ ሆኖ ካገኘው ይቆማል፣ ከመጀመሪያው ያወጣውን ግን አይመልስም። ሁለቱም በማህደረ ትውስታ ላይ የተቀመጡ ዝርዝሮች ከሆኑ ችግር የለውም፤ ዋናው ዝርዝር አልተነካም። ምንጩ አንዴ የሚነበብ ሲሆን፣ ለምሳሌ መስመር በመስመር የሚነበብ ፋይል፣ ያ አንድ መስመር ለዘለዓለም ይጠፋል። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቀድሞ ሊያልቅ የሚችለውን ምንጭ በግራ አስቀምጡ።

ስትሪክትም ሙሉ መድኃኒት አይደለም። ዚፕ ጥንዶቹን አንድ አንድ እያለ ስለሚሰጥ ጉድለቱን የሚያውቀው መጨረሻው ላይ ነው። 200 ስምና 199 ውጤት ቢሰጠው 199ኙ ጥንዶች ወጥተው ምናልባትም መረጃ ቋት ውስጥ ከተጻፉ በኋላ ነው ጩኸቱ የሚሰማው። ወደ ቋሚ መዝገብ የሚጽፍ ሰው ርዝመታቸውን አስቀድሞ ቢያመሳክር ይሻለዋል።

በስም ማጣመር

አሁን ወደ አራቱ ተማሪዎች እንመለስ። እዚያ ቆራጩም፣ ሞዪውም፣ አዟሪውም፣ እምቢ ባዩም እኩል ናቸው፤ ማንም አላዳናቸውም። አራት ከአራት ጋር ይገጥማል። ስህተቱ በቁጥር ሳይሆን በተራ ላይ ነበር፤ ዚፕ ደግሞ ከተራ በቀር የሚያውቀው የለም።

ለዚህ መልስ የሰጠው ሌላ መንደር ነው። ኤድጋር ኮድ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጥናት መረጃን እንደ ቱፕሎች ስብስብ እንድናይ ሐሳብ አቀረበ። በእሱ ስብስብ ውስጥ የረድፎች ቅደም ተከተል ምንም ትርጉም የለውም። ሁለት ሰንጠረዦች የሚገናኙት በጋራ ባላቸው ቁልፍ ነው፤ በስም፣ በመለያ ቁጥር ወይም በሌላ። ዛሬ የመረጃ ቋት ተማሪ «ጆይን» ብሎ የሚማረው ይህ ነው። የሚገርመው ደግሞ ከዚፕ አራት ጎራዎች ሁለቱ እዚህም መንትያ አላቸው። በሁለቱም ወገን የተገኘውን ብቻ የሚያስቀረው ጆይን ቆራጭ ነው፤ የግራውን ሁሉ ይዞ ቀኙን በባዶ የሚሞላው ደግሞ ሞዪ ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ የተለወጠው የመለያው ነገር ነው።

በስም ማጣመር ግን በአማርኛ የራሱ ፈተና አለው። ኮምፒውተር ስምን በድምፁ አይሰማም፤ በፊደሉ ያየዋል። ፀሐይ የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በጸ ወይም በፀ ሊጻፍ ይችላል፤ ሁለተኛው በሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ ወይም ኃ። ሁለት በስድስት አሥራ ሁለት አጻጻፍ ነው፤ ሁሉም ሲነበብ አንድ ሰው። ሀሰንም እንዲሁ አሥራ ሁለት ይሆናል። ወሎ ውስጥ በየሰነዱ መሐመድ፣ ሙሐመድ፣ መሀመድ እየተባለ የሚጻፈው፣ ሰይድ አንዴ ሰኢድ አንዴ ሠይድ የሚሆነው ሰው ጎረቤቶቹ ሳይቸገሩ ያውቁታል፤ ጆይን ግን እንደ ሦስት ሰው ይቆጥረዋል። ገብረ መድኅን በአንዱ ሰነድ ተለያይቶ፣ በሌላው ገብረመድህን ተብሎ ተያይዞ ይጻፋል። አቶና ወ/ሮ አንዱ ላይ አሉ፣ ሌላው ላይ የሉም።

የተለመደው መፍትሔ ለማነጻጸር ብቻ የሚያገለግል ሁለተኛ ዓምድ መሥራት ነው። እዚያ ዓምድ ውስጥ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጣሉ፤ ክፍተቱና ማዕረጉ ይወገዳል። ሰውየው የጻፈው ዋናው ስም ግን እንዳለ ይቀመጣል። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ቀላል አይደለም። ኃይለ ሥላሴ ብሎ የጻፈን ሰው በሀይለስላሴ ተክቶ ማስቀመጥ ለማሽን መመቻቸት ሲባል የሰውን ስም መንካት ነው።

ፊደሉ ቢስተካከልም ስም ብቻውን ቁልፍ አይሆንም። የእኛ ስም የራስና የአባት ስም ነው፤ አንዱ ሰነድ አያትን ይጨምራል፣ ሌላው አይጨምርም። ደሴ ወይም ኮምቦልቻ አንድ ክፍል ውስጥ ሰይድ መሐመድ ተብሎ ቢጠራ ሁለት ሦስት ሰው ቀና ቢል የሚደንቅ አይደለም። ቁልፉ ሲደጋገም ጆይን አይቆርጥም፤ ያባዛል። በአንዱ ሰንጠረዥ ሁለት ሰይድ፣ በሌላውም ሁለት ሰይድ ቢኖሩ አራት ረድፍ ይወጣል። የመረጃ ተንታኞች የሚወዱት የፓይተኑ ፓንዳስ ለዚህ መከላከያ አለው፤ ሲያገናኝ ግንኙነቱ አንድ ለአንድ መሆኑን እንዲያረጋግጥ ሊታዘዝ ይችላል። ካልሆነ እንደ ስትሪክት ይቆማል።

ስለዚህ የመጨረሻው መልስ ቁጥር ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ የተሰጠ። የተማሪ መለያ ቁጥር፣ የሠራተኛ ቁጥር፣ ወይም በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የሕግ መሠረት ያገኘው ባለ 12 አኃዝ የፋይዳ ቁጥር የሚጠቅሙት ለዚህ ነው። ቁጥር ሐ እና ሀ አያውቅም፤ የላቲንና የግዕዝ ፊደል ተራም አይለውጠውም። ፋይዳ የግል መረጃ ስለሆነ ግን በየተማሪ ዝርዝሩ ላይ እንዲበተን የሚመከር አይደለም። ለክፍል ሥራ የክፍሉ መለያ ቁጥር ይበቃል።

ኤክሴል ላይ የሚሆነው

በየመሥሪያ ቤቱ ዝርዝር የሚጣመረው አብዛኛውን ጊዜ በፓይተን ሳይሆን በኤክሴል ነው። ኤክሴል ላይ ረድፉ ራሱ ቱፕል ነው፤ ከሌላ ፋይል አንድ ዓምድ ቀድቶ በጎኑ የሚለጥፍ ሰው ደግሞ ሳያውቀው ዚፕ እያደረገ ነው። ሌላው የታወቀ አደጋ መደርደር ነው። የስሙን ዓምድ ብቻ መርጦ ደርድር ሲባል ኤክሴል «የጎኑንም ልጨምር?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሲቸኩል ሳያነብ ይጫናል፤ ስሙ ይደረደራል፣ ውጤቱ ባለበት ይቆማል። ከዚያ በኋላ ፋይሉ ንጹህ ይመስላል፤ ውስጡ ግን የአራቱ ተማሪዎች ታሪክ ነው።

ጥንድን መልሶ መፍታትም ይቻላል። ፓይተን ውስጥ የጥንዶችን ዝርዝር ከፍቶ ለዚፕ መልሶ ቢሰጡት ስሞቹ ለብቻ፣ ውጤቶቹ ለብቻ ይወጣሉ። ተቆርጦ የወደቀው ግን አይመለስም፤ ተራው ከተዛነፈ በኋላ የተጣመረውም ቢፈታ ትክክለኛው ተራ አይታወቅም። ስህተቱ የሚያዘው ከመጣመሩ በፊት ብቻ ነው።

ፍርዱ

ከዳሰሳው የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። ዚፕ ክፉ መሣሪያ አይደለም፤ ሁለቱ ዝርዝሮች ከአንድ እጅ፣ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ተራ ሲወጡ ከእሱ የሚቀል የለም። አንዱ ከአንዱ ቢሮ፣ ሌላው ከሌላ ሲመጣ ግን ቦታው የእሱ አይደለም፤ ቁልፍ ይፈለግ። ከአራቱ ጎራዎች ሥራው ለሰው መዝገብ ሲሆን እምቢ ባዩ ይመረጣል። መቁረጥ ለቆጠራ፣ ማዞር ለዘመን አቆጣጠር፣ መሙላት ባዶነቱ በግልጽ ሲጻፍ ብቻ ይሁን።

ለሚያስተምሩ አንድ ሐሳብ አለኝ። ዚፕን በእኩል ዝርዝሮች አስተምሮ ማለፍ ቀላል ነው። ተማሪው የሚያስታውሰው ግን ጳጉሜን የወደቀችበትን ምሳሌና ሀሰን የአበበን ውጤት የወሰደበትን ነው። ስትሪክትን ከመጀመሪያው ቀን አስገቡት፤ ተማሪው ሳይጨመርበት የተጻፈ ዚፕ ሲያይ ለምን ብሎ እንዲጠይቅ።

ለሌላው ሁሉ ደግሞ፣ ፕሮግራም ለማያውቀውም ጭምር፦ ዝርዝር ስትልኩ ስሙን ወይም መለያ ቁጥሩን ከውጤቱ አትለዩ። ስም የሌለው የቁጥር ዓምድ ከመጣላችሁም አትለጥፉት፤ መልሳችሁ ላኩት።